አምስት ባዶ መስመር

ሱኒቫ ወረቀት ከትምህርት ቤት አምጥታ፣
ከእራት ሳህኔ ጎን በመዳፏ ዘርግታ፣
«አባ፣ ሙላልኝማ፤ ነገ ይሰበሰባል፤
ወላጅ የሚወደው ምንድን ነው? ይለናል፤
ቀለም፣ ምግብ፣ ዘፈን፣ ሰዓት፣ ደግሞ ቦታ፤
አደራ በአጭሩ፣ አታብዛ ሐተታ!»

አምስት ባዶ መስመር፤ አምስቱም ጠባቦች፣
ዕድሜ የሚከተትባቸው የክብሪት ቀፎዎች።

ሰማያዊ ብዬ ቀለሙን ሞላሁት፤
ዓሣ ብዬ ደግሞ ምግቡን አለፍኩት፤
ውሸት አልጻፍኩላት፤ እውነቱን ግን ተውኩት።

እውነቱማ ምግቡ ብርቱካን ነው፤ አንዲት፣
በፋሲካ ሰሞን፣ ከተራራው አናት፣
አባቴ አርቪድ ከደረት ኪሱ ያወጣት።
በረዶ ቆፍረን፣ ከነፋስ ተጠልለን፣
የእግር ሸርተቴውን ከጎናችን ተክለን፣
ጓንቱን በጥርሱ አውልቆ ሲልጣት በጥፍሩ፣
ልጣጯ ከነጩ ላይ ፍም መስሎ ማማሩ!
«እንካ» ነበር ያለኝ። ሌላ አልተናገረም።
በዕድሜው ሙሉ ያለኝ ከዚያ ብዙ አይበልጥም።
ግን ትልቁን ክፋይ ለእኔ ነበር የሰጠው፤
ያኔ ልጅ ነበርኩ፣ ማን ልብ ሊለው?
ዛሬ እኔ ስከፍል ለሁለቱ ልጆቼ፣
ትልቅ ትልቁን ለእነሱ ሰጥቼ፣
የተረፈችኝን ቁራሽ በአፌ ሳገላብጣት፣
ለካ እሱ ኖሯል ጣፋጯን የበላት።

ቀለሙም በእውነቱ ሰማያዊ አይደለም።
በእኛ በሰሜን ኖርዌይ፣ ከኅዳር እስከ ጥር ፀሐይ ብቅ አትልም፤
ባሕሩም ተራራውም አንድ ጥቁር ጨርቅ ነው፣
መኪና አሻጋሪው ጀልባችን እየቀደደ የሚያልፈው።
ታዲያ በምሽቱ ዙር ወደቡን ስንጠጋ፣
ካለቱ ግርጌ ላይ ቢጫ መስኮት ነጋ።
ወጥ ቤታችን ነች። ትሩልስ የሚሉት፣
«መብራት አጥፋ» ሲባል ጆሮ የሌለው ፍጥረት፣
ትቷት ስለሚወጣ፣
ሒሳቡ በመጣ ቁጥር እኔ ስቆጣ፣ ስቆጣ፣
ባለፈው ማክሰኞ ቃሌን ሰምቶ አጠፋ፤
ከጀልባው ላይ ቆሜ ቤቴ ከዓይኔ ጠፋ።
ጫማዬን ሳልፈታ ገብቼ አበራሁት፤
«ምነው?» አለኝ ገርሞት።
«ምንም» አልኩት እንጂ ነገሩን አልነገርኩት።

ዘፈን?
ዘፈን አላውቅበት። ግን ሬዲዮ ነበረ፣
በእናቴ ማዕድ ቤት፣ በሽቦ የታሰረ፤
ሰውየው በደረቀ ድምፁ የባሕሩን ነፋስ ሲቆጥር፣
«ዝም!» ትለን ነበር፤ ድስቱን ሳይቀር ትገሥጻለች መንተክተክ ቢጀምር፤
ደሴት በደሴት፣ ማዕበል በማዕበል፣
አባቴ ካለበት እስኪደርስ ድረስ ትንፋሿ ቀጥ ይል።
«የአየር ትንበያ» ብዬ ልጽፍ ጀመርኩና፣ መልሼ ሰረዝኩት፤
ትስቅብኛለች ብዬ ባዶውን ተውኩት።

ቦታና ሰዓቱ አንድ ነው ለእኔማ፤
ሌሊት አሥራ አንድ ተኩል፣ በዚያ ድቅድቅ ጨለማ፣
ራንዲ አረጋውያን ስታስታምም አድራ፣
እግሯ በረዶ ሆኖ ስትመጣ ከሥራ፣
እኔ እየተነሳሁ፣ እሷ ስትጋደም፣
«ሙቀቱን ተውልኝ»፤ ሌላ ሰላምታ የለንም።
የእኔ ገላ ያሞቀው ያ የፍራሽ ጎድጓዳ፣
አሥራ አራት ዓመት ሆነን ስንቀባበለው እንደ ጋራ ዕዳ።
ይሄ በየትኛው ቀፎ ይገባል?

«ቤት» ብዬ ጻፍኩ።
«ንጋት» ብዬ ጻፍኩ።
ወረቀቱን መለስኩ።

ሱኒቫ አነበበችው፤ ከንፈሯን አጣመመች፤
«የሁሉም ሰው አባት እንዲህ ነው የሚጽፈው» አለች።
በባዶው መስመር ላይ፣ በክንዷ ጋርዳብኝ፣
አንድ ነገር ጻፈች፤ እስካሁን አላየሁም፣ እሷም አልነገረችኝ።

ቤቱ ፀጥ ሲል በወጥ ቤት በኩል አለፍኩ፤
እጄን ወደ ማብሪያው ሰደድኩ፤
መለስኩ።